ከበሮን መቃኘት፦ የማርሽ ባንድ ቴነር ከበሮ መልካም ድምፅ ከየት ይመጣል?

(በድሬዳዋ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ)



አባቶቻችን «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። ብሂሉ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ከሩቅ ቀላል ስለሚመስል ኃላፊነት ሲነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልወስደው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የምናገረው ስለ ከበሮ ነው፣ እኔም ከተደናገሩት አንዱ ነበርኩና።

የዚህ ገለጻ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የማርሽ ባንድ ወጣቶች ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ ቴነር ከበሮዎቻቸው «ሞተዋል» አሉኝ። ድምፃቸው የውኃ ጀሪካን እንደ መምታት ሆኗል። ስለዚህ ከወላጆች ገንዘብ አሰባስበው አዲስ ለመግዛት ታይዋን ገበያ ገብተው ዋጋ ሊያጠያይቁ አስበዋል። እኔን የጠየቁኝ የትኛው ዓይነት እንደሚሻል ነበር። ከበሮዎቹን ሳያቸው ግን ቀፏቸው ደህና፣ ቀለበታቸው ቀጥ ያለ፣ ብሎኖቻቸውም ሙሉ ነበሩ። የጎደላቸው ቅኝት ብቻ ነበር። ልጆች ከድሃ ወላጅ ኪስ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር በመሆኑ፣ ነገሩን በአደባባይ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከበሮ በሀገራችን የአደባባይ ድምፅ ሆኖ የቆየ መሣሪያ ነው። ነጋሪት የመንግሥት አዋጅ መንገሪያ ስለነበረ፣ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ዛሬም ስሙን እንደያዘ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በማኅሌት፣ የጎረቤታችን የሐረር ከረቡ ደግሞ በዚክሪ የየራሳቸው ክብር አላቸው። ዘመናዊው የማርሽ ባንድ ታሪክ ሲነሳም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አግኝተው ወደ ኢትዮጵያ ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች»፣ ሳይጠቀሱ አይታለፉም። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰምቷል። የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ ማርሽ ባንዶችም የዚያን ዘመን ትምህርት ወርሰዋል።

ቴነር ከበሮ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የዜማ ጠባይ ያለው አባል ነው። የዛሬው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አራት ከበሮዎች በአንድ ማንገቻ ደረት ላይ ተደርድረው የሚሸከሙት ነው። ስፋታቸው የተለመደው 10፣ 12፣ 13 እና 14 ኢንች ሲሆን፣ አንዳንዱ 6 ወይም 8 ኢንች የሆኑ ታናናሾችም ይጨመሩበታል። ከሀገራችን ከበሮ የሚለየው አንድ አፍ ብቻ ስላለው ነው። ከላይ ቆዳ አለው፣ ከታች ክፍት ነው። ስለዚህ ድምፁን የሚወስነው በዋነኛነት ያ አንድ ቆዳ ነው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ፤ አትፍሩ፣ ረጅም አይሆንም። የአንድ ከበሮ ድምፅ ቅጥነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በስፋቱ፣ በቆዳው ክብደትና በውጥረቱ። ከበሮው ሲሰፋ ድምፁ ይወፍራል። ቆዳው ሲከብድም እንዲሁ። ሲወጠር ግን ይቀጥናል። ነገር ግን ውጥረቱን አራት እጥፍ ብናደርገው የድምፁ ድግግሞሽ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ወጣቶች «ትንሽ ላጥብቀው» እያሉ ብሎን የሚቆርጡትና ቆዳ የሚቀዱት ይህን ባለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ያስፈልገናል። የክራር ጅማት ሲመታ ዋናው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የእርሱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ የሆኑ ተከታይ ድምፆች አብረው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ጆሯችን አንድ የጠራ ድምፅ ይሰማል። የክብ ቆዳ ተከታይ ድምፆች ግን የዋናው 1.59፣ 2.14፣ 2.30 እጥፍ እያሉ የሚሄዱ ናቸው። እንደ ክራሩ አይገጣጠሙም። ከበሮ ድምፁ ለመያዝ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። የህንድ ከበሮ ሠሪዎች ቆዳው ላይ ጥቁር ልቁጥ በመቀባት ተከታይ ድምፆቹን አገጣጥመዋቸዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1920 ጉዳዩን አጥንቶ ሲያስረዳ፣ ሠሪዎቹ ከእርሱ ብዙ ዘመን ቀድመው በጆሮና በእጅ ደርሰውበት ነበር።

እኛ ቴነር ከበሮ ላይ ልቁጥ አንቀባም። በእጃችን ያለው መሣሪያ እኩልነት ነው። ቆዳው ዙሪያውን በአንድ ልክ ካልተወጠረ፣ አንድ መሆን የነበረበት ድምፅ ለሁለት ይከፈላል። ለምሳሌ አንዱ ወገን በሰከንድ 200 ጊዜ፣ ሌላው 204 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ጆሯችን በሰከንድ አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ «ሞቷል» ያሉት ከበሮ አልሞተም ነበር፤ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ነበር እንጂ።

ይህን ስል ከስህተት ነፃ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ቀመሩን በሚገባ የማውቅ መምህር ሆኜ ሳለ፣ ለአንድ ሰልፍ የተዘጋጀን ከበሮ ላስተካክል ቁልፍ አነሳሁ። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ወደሚቀጥለው ዞርኩ። ቀለበቱ ዘመመ፣ ቆዳው በአንድ ወገን ተሸበሸበ፣ በሰልፉ ዕለትም ተቀደደ። በኋላ ከበሮ በመጠፈር ያረጁ አንድ አባት ነገሩን ሰምተው ሲስቁብኝ ቆዩና፣ ጠፍር ሲሳብ ወዲህ አንድ ከተሳበ ወዲያ ማዶውም አንድ መሳብ እንዳለበት ነገሩኝ። የመኪና ጎማ የሚገጥም መካኒክም ብሎኖቹን የሚያጠብቀው በትይዩ እያቀያየረ ነው። ቀመሩ እኔ ዘንድ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን እነርሱ ዘንድ።

እንግዲህ ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ቆዳውን አውጡና የቀፎውን ከንፈር በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጣታችሁን ዙሪያውን አስኪዱ፤ የተሰበረ ወይም የጎደጎደ ቦታ ካለ ቅኝት አይዝም። በሜትር ስፋቱን በሁለት ሦስት አቅጣጫ ለኩ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ቀፎው ሞልሟላ ሆኗል ማለት ነው፤ ያን ቁልፍ አያድነውም። የብሎኖቹን ጥርስ አጽድታችሁ ጥቂት ግራሶ ቀቡ።

በሁለተኛ ደረጃ ቆዳውንና ቀለበቱን መልሳችሁ ሁሉንም ብሎኖች በጣት ብቻ አጥብቁ። ከዚያ በቁልፍ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር፣ ሁልጊዜም ወደ ትይዩው እየተሻገራችሁ አጥብቁ። ስድስት ብሎን ካለው ቅደም ተከተሉ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3፣ 6 ሊሆን ይችላል። ሽብሽቡ ሲጠፋ በመዳፋችሁ መሃሉን በልኩ ጫን ብላችሁ ቆዳው ከንፈሩ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ የሚላላውንም እንደገና መልሱ።

በሦስተኛ ደረጃ አድምጡ። አንድ ጣት ቆዳው መሃል ላይ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። ይህም ወፍራሙን ዋና ድምፅ ዝም ያሰኝና ጠርዙ እንዲናገር ያደርገዋል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ብሎን አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ በመምቻው ጫፍ ንኩት። ሁሉም አንድ ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ በሩብ ዙርና ከዚያ ባነሰ አስተካክሉ። አንዱ የቀጠነ ከመሰላችሁ ወዲያው አታላሉት፤ ትይዩው ልል ሆኖ ሊሆን ይችላል። ማላላት ግድ ከሆነ ከሚፈለገው በታች አውርዳችሁ መልሳችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ወደ ላይ እየተሳበ የቆመ ብሎን ቅኝቱን ይበልጥ ይይዛል።

በአራተኛ ደረጃ ከበሮዎቹን እርስ በርስ አስማሙ። የአራቱ ቆዳ ዓይነትና ውጥረት አንድ ቢሆን፣ 10 ኢንቹ ከ14 ኢንቹ የሚቀጥነው በ1.4 እጥፍ ያህል ነው። በትዝታ ሜጀር ቅኝት ከትልቁ ወደ ትንሹ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሁኑልን ካልን፣ ትንሹ ከትልቁ 1.67 እጥፍ መቅጠን አለበት። ለዚህም ውጥረቱ ከትልቁ በ40 በመቶ ገደማ መብለጥ ይኖርበታል። በልቁ ለመሄድ ሙሉ ኦክታቭ ከፈለግን ግን ሁለት እጥፍ ውጥረት ይጠይቃል፤ በዚህ ጊዜ ወይ ትንሹ ይጨነቃል፣ ወይ ትልቁ ይላላል። ስለዚህ መጠነኛ ርቀት ይሻላል። ሰልፍ ሜዳ ላይ ነውና አንድ ሰው 30 ሜትር ያህል ርቆ ያዳምጥላችሁ። አጠገባችሁ የሚያምረው ወፍራም ድምፅ ከሩቅ ሊጠፋ ይችላል።

አመታትም የቅኝት አካል ነው። ቴነር ከበሮ መሃሉ ላይ ሲመታ ጉልበቱ ወዲያው በአየር ተበትኖ «ዱብ» ብሎ ይቀራል። ከጠርዙ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ሲመታ ግን ጥርት ያለውና የሚቆየው ድምፅ ይወጣል።

በመጨረሻ ለድሬዳዋ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የሀገራችን ከበሮ ከመመታቱ በፊት ፀሐይ ይሞቃል፤ ትክክልም ነው። የከብት ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ዳሩ ስለታሰረ ውጥረቱ ይጨምራል። የማርሽ ባንድ ከበሮ ግን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚለብሰው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ እርጥበት አይጠጣም፤ ሲግል ግን ይለጠጣል፣ ይላላልም። ከበሮዎቻቸውን ሰልፍ ከመውጣታቸው በፊት ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ልጆች የአያቶቻቸውን ጥበብ በቅንነት እየተከተሉ፣ የፈለጉትን ተቃራኒ እያገኙ ነበር። ጥበቡ አልተሳሳተም፤ ቆዳው ተለወጠ እንጂ። ስለዚህ ከበሮውን በጥላ አቆዩት፤ በቀትር የምትሰለፉ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ቅኝት በዚያው ሙቀት አድርጉ። አዲስ ቆዳም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ በማግሥቱ እንደገና ፈትሹት።

የእነዚያ ወጣቶች ነገር ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ሠራን። ከአራቱ ከበሮዎች ሦስቱ በነባር ቆዳቸው ድምፃቸው ተመለሰ። የአራተኛው ቆዳ አልቆ ስለነበር እርሱ ብቻ ተቀየረ። ለአዲስ ከበሮ ሊሰበሰብ የነበረው ገንዘብም በወላጆች ኪስ ቀረ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ቁልፉን ከእጄ የተቀበለችው የ14 ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ የባንዱን ከበሮዎች የምትቃኘው እርሷ ናት። ሲይዙት የሚያደናግረው ከበሮ በእርሷ እጅ አላደናገረም።