ከኪስ ካሜራ ወደ ዲኤስኤልአር፦ ወጪው መቼ ይመለሳል?

በትንሿ የኪስ ካሜራ ሥራ የጀመረ ፎቶ አንሺ ወደ ዲኤስኤልአር ከመሸጋገሩ በፊት እንደማንኛውም ነጋዴ ወጪና ገቢውን ማስላት ይኖርበታል።

የጥራቱ ልዩነት በአመዛኙ የሚመነጨው ብርሃን ከሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። የአብዛኞቹ ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የኒኮን ዲ7500 ከ360 ይበልጣል። ብርሃን በሚያንስበት የሰርግ አዳራሽ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በቀን ብርሃን የሱቅ ዕቃ ለሚያነሳ ግን ደንበኛው ለዚህ ተጨማሪ ብር አይከፍልም።

የዲ7500 መዝጊያ ለ150 ሺህ ጊዜ ያህል ተፈትኗል። በአንድ ሰርግ 1,500 ፎቶ ቢነሳ 100 ሰርግ ይሆናል። ካሜራው ለምሳሌ በ90 ሺህ ብር ቢገዛ ለእያንዳንዱ ሰርግ 900 ብር ይደርሳል። ይሁንና ሰርግ በጥር በዝቶ በዐቢይ ጾም ስለሚቀዘቅዝ፣ በዓመት 10 ሰርግ ብቻ የሚያገኝ ሰው 100 ለመድረስ 10 ዓመት ይፈጅበታል፤ ወጪውም በሰርግ 900 ብር የሚሆነው ያን ያህል ከቆየ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መከራየት ይሻላል።

ሌላው ስጋት መልሶ ሲሸጥ የሚገጥመው ኪሳራ ነው። ኒኮንና ካኖን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ፊታቸውን መስታወት አልባ ወደሆኑት ሚረርለስ ካሜራዎች አዙረዋል። ስለዚህ ዲኤስኤልአር የሚገዛ ሰው ያገለገለ አካል መርጦ፣ የመዝጊያውን ቆጣሪ አይቶ፣ የተረፈውን ገንዘብ ሌንስ ላይ ቢያውል ይመከራል። አብዛኞቹ የኒኮን ሌንሶች በማገናኛ አማካይነት በአዲሶቹም ላይ ይሠራሉና።