«ሙቀት ነው፣ ንፋሱን ቀንስለት»፦ ሪያድ ላይ ስለ ጎማ የሚባለውና እውነታው

ሪያድ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ስለ ጎማ የሚያውቀውን ከሁለት ቦታ ነው የለቃቀመው፤ ግማሹን አገር ቤት ከጎሚስታ፣ ግማሹን እዚህ ከባንሸር (ጎማ ጠጋኝ) ቤት። ከእጅ ሥራ የመጣ ምክር ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ለጎማ የምትራራ ከተማ ናት። ሪያድ በሐምሌ ጥላ ሥር እንኳ 43 ዲግሪ ታልፋለች፤ አስፋልቱማ አይነሳ።

«ጎማ የሚቀያየረው የፊቱ ተበልቶ ሲታይ ነው»

ያኔማ ረፍዷል። እንደ ኮሮላ ባሉ፣ ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚያዞርባቸው መኪኖች ላይ የፊቶቹ መኪናውን ይጎትታሉ፣ መሪ ሲዞር ይጠመዘዛሉ፣ ፍሬን ሲያዝም አብዛኛው ጫና እነሱ ላይ ይወድቃል። የኋላዎቹ ተከትለው ይንከባለላሉ። የማቀያየር ዓላማ ይህን ድካም ገና ልዩነቱ በዓይን ሳይታወቅ ለአራቱም ማካፈል ነው። በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢደረግ ለአብዛኛው መኪና ይበቃል፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱ ይቀድማል። ዘይት በየ10,000 የሚቀይር ሾፌር አብሮ ማስደረግ ነው። በየ5,000 የሚቀይር ደግሞ አንዱን እየዘለለ ያስደርግ።

«በመስቀል ማዛወር ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም። ሞተሩ የፊቱን በሚያዞርበት መኪና የፊት ጎማዎች በያሉበት ጎን ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደ ፊት ይመጣሉ፣ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ። ሞተሩ የኋላውን ወይም አራቱንም በሚያዞርበት መኪና ነገሩ ይገለበጣል፦ የኋላዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ።

ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ ግን መሻገር የለም፤ በዚያው ጎን ፊትና ኋላ ብቻ ይለዋወጣል። ተሻግሮ ከታሰረ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ውሃ እንዲገፉ የተቀረጹት ጥርሶችም ሥራቸውን በአግባቡ አይሠሩም። የፊትና የኋላ ጎማቸው መጠን የሚለያይ መኪኖች ደግሞ ፊትና ኋላ ጭራሽ አይለዋወጡም።

«ሙቀት ነው፣ ንፋሱን ቀንስለት»

ጎማ ቦታ ሲለውጥ ንፋሱም መለካት አለበት፤ በብዙ መኪኖች የፊትና የኋላው መጠን ይለያያልና። አደገኛው ምክር የሚሰማውም እዚሁ ላይ ነው። መነሻው አሸዋው ይመስለኛል። ከሪያድ ወደ ቱማማ በረሃ ወጥቶ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው ጎማው ሰፍቶ እንዳይሰምጥበት ንፋስ ያራግፋል፣ ልክ ነው። ያንኑ ጎማ ሳይሞሉ አስፋልት ላይ መብረር ግን ሌላ ነገር ነው።

ንፋስ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሙቀት የሚወልደው ይህ መታጠፍ ነው። ሙቀቱ ፍጥነት ሲጨመርበት ላስቲኩን ከውስጠኛው የብረት ሽቦ ጋር ያያያዘውን ያላላዋል፤ መጨረሻ ላይ ጥርስ ያለው የላይኛው ክፍል ተገሽልጦ ይወጣል። ከሪያድ ወደ ጣኢፍና ወደ ቀሲም በሚወስዱት አውራ ጎዳናዎች ላይ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስከ 140 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተፈቅዷል። በዚያ ፍጥነት ጎማ ሲገሸለጥ መሪውን መቆጣጠር ዘበት ነው።

ከዓለም ትልልቅ የጎማ ቅሌቶች የአንዱ ጫፍ የተያዘውም በዚሁ አገር ነው። ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የታሰሩ የፋየርስቶን ጎማዎች በሙቅ አገሮች እየተገሸለጡ መኪኖቹን ሲገለብጡ፣ ፎርድ በነሐሴ 1999 (እ.ኤ.አ.) በሳዑዲና በአካባቢው አገሮች ጎማዎቹን መተካት ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስ የታወጀው ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2000 ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች አንዱ በሌላው አሳበቡ። ፎርድ የጎማውን አሠራር ሲከስ፣ ፋየርስቶን ፎርድ ያዘዘው 26 ፒ ኤስ አይ ንፋስ አነስተኛ ነው አለ።

ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። የሚለካው ደግሞ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው። ሲነዳ ንፋሱ ከፍ ማለቱ አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ቀትር ላይ ባንሸር ደርሶ «በዝቷል» ብሎ የሚያራግፍ ሾፌር ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆንበታል። አየሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሐምሌ የተሞላ ጎማ በታኅሣሥ ጎዶሎ ነው። (ናይትሮጅን ይሞላልህ ለሚሉት፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱው ነው፤ ዋናው ልኩ መጠበቁ ነው።)

«ስኮርታው አዲስ ነው፣ መሬት አልነካም»

መሬት ባይነካም ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ምልክት ተከትለው ከሚመጡት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት ይመልከቱ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቀየር ይላሉ፣ ሙቀትም እርጅናን ያፋጥናል። ስለዚህ ሪያድ ላይ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ሊያልቅ ይችላል፤ ማቀያየሩ ያን አያድንም። ስኮርታው ከሌሎቹ ጋር እኩል የሆነ ሙሉ ጎማ ከሆነ ዙሩ ውስጥ ገብቶ ቢሠራ ይሻላል። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ግን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ ጥገና ቤት ለመድረስ ብቻ የተሠራ ነው።

«ሲቀያየር አበላሉ ይስተካከላል»

በአንድ ጎን ጠርዙ ብቻ የተበላ ጎማ አላይመንት እንደሚያስፈልግ እየተናገረ ነው። ሁለቱም ጠርዝ ከተበላ ንፋሱ አንሶ ነበር፤ መሐሉ ከተበላ በዝቶ ነበር። ምክንያቱ ሳይታይ ቦታ ማለዋወጥ አራቱንም በተራ ማስበላት ነው። ሁለት አዲስ ብቻ ከተገዙ ደግሞ ብዙ ሰው ፊት ያስራቸዋል። ኋላ ነው መሆን ያለባቸው። የኋላው ውሃ ላይ ሲንሸራተት መኪናው ራሱ ይሽከረከራል፤ ሪያድ ዝናብ ባይበዛባትም በዘነበ ቀን መንገዱ ወንዝ ይሆናል።

ሥራው ሲያልቅ ዳዶዎቹ በክብ በተርታ ሳይሆን ትይዩ ትይዩአቸውን እየዘለሉ፣ ማጥበቂያውን በሚለካ መፍቻ ይጠብቁ። በአየር መፍቻ ብቻ ጨርሶ «ያላህ ሂድ» ያለዎት ባንሸር ከሆነ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ደግመው ያስፈትሹ።