አምስት ስልክ በአንድ ራውተር

ፋብሪካው ሰበታ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ብዙ ነው። ቡራዩ መጋዘን፣ ሱሉልታ የታሸገ ውኃ ማምረቻ ያላቸውም አሉ። ቅርንጫፉን ከዋናው ቢሮ ጋር በአጭር ቁጥር ለማገናኘት አመቺው መንገድ የኢንተርኔት ስልክ ነው። መልኩ እንደማንኛውም የቢሮ ስልክ ነው፤ ገመዱ ግን የሚሰካው ራውተር ላይ ሲሆን ድምፁ በኢንተርኔት ተጉዞ ዋናው ቢሮ ያለው ማዞሪያ ጋ ይደርሳል። የማወራው በአንድ ድርጅት ውስጥ ስለሚደረግ ጥሪ ነው፤ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል።

አንድ ስልክ ብቻ ሲተከል አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩ ነው። ሂሳብ ክፍል ይደውላል እንጂ አይደወልለትም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ድምፅ አዲስ አበባ ይሰማል፣ የአዲስ አበባው ግን ወደ እሱ አይመጣም። ወዲያው «ኔትወርክ የለም» ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ እንዲህ ያለው ብልሽት ብዙውን ጊዜ የራውተሩ እንጂ የመስመሩ አይደለምና፣ መስመሩ ሳይነካ ይስተካከላል።

ግቢ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ስልክ የውስጥ አድራሻ አለው፤ 192.168.1.11 እንበል። ይህ ቁጥር ከግቢው ውጭ ዋጋ የለውም፤ ሱሉልታም ቡራዩም ብዙ ቤት ውስጥ ያው ቁጥር ይገኛል። ወደ ውጭ የሚሄደው ሁሉ የሚወጣው በራውተሩ አንድ አድራሻ ነው፤ ራውተሩ የቱ ከየትኛው ስልክ እንደመጣ መዝግቦ ይይዝና መልሱን ለባለቤቱ ያደርሳል። ስልኮቹ የሚግባቡበት ሲፕ የሚባለው ሥርዓት ግን፣ አሁን ያለው መሠረታዊ ደንቡ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አንድ ጠባይ አለው። ስልኩ «ድምፁን በዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብሎ የውስጥ ቁጥሩን መልእክቱ ውስጥ ይጽፋል። ራውተሩ ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ይቀይራል እንጂ ደብዳቤውን አያነብም። ማዞሪያው ደብዳቤውን አምኖ ድምፁን ወደ 192.168.1.11 ይልካል፤ ድምፁም መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህን እናርማለን ብለው አምራቾች ራውተሩ ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ረዳት አስገብተዋል። ደብዳቤውን ከፍቶ አድራሻውን ያርማል። በብዙ ርካሽ ራውተሮች ላይ ግን አሠራሩ ጎደሎ ነው፤ ስልኮቹ ሲበዙ የአንዱን ከሌላው ያደባልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ እሱን ማጥፋት፣ ከዚያ ማዞሪያው ላይ ለዚሁ የተዘጋጀውን ሴቲንግ ማብራት ነው። ያኔ ማዞሪያው ደብዳቤውን ትቶ፣ መልእክቱ በእርግጥ ወደመጣበት አድራሻ መልስ ይልካል።

ፖርት፣ ማለትም መልእክቱ የሚገባበትና የሚወጣበት የበር ቁጥርም አለ። ስልኮቹ ከካርቶን ሲወጡ አብዛኞቹ 5060ን ይጠቀማሉ። ደኅና ራውተር ይለያቸዋል፣ ደካማው ግን ይሳሳታል፤ ለአንዱ 5062፣ ለሌላው 5064 መስጠት ነገሩን ያቀለዋል። ራውተሩ ላይ 5060ን ወደ አንድ ስልክ በቋሚነት መክፈት ግን አይመከርም። ሌሎቹ ስልኮች ሊቋረጡ ይችላሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ስልክ የሚያስሱ አጭበርባሪዎችም ያገኙታል። ሌሊት ማንም ሳይደውል ስልኩ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የሂሳብ ክፍሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ራውተሩ ዝም ያለ ስልክን ከመዝገቡ ይሰርዛል፤ አንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይታገሥም። ከተሰረዘ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የሚገባበት የለም። ስልኩ በየ20 ሴኮንዱ «አለሁ» የሚል ትንሽ መልእክት እንዲልክ ማድረግ መፍትሔው ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት መጨመር ለዚህ አይረዳም፤ አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው በሴኮንድ 90 ኪሎቢት ገደማ ቢወስድ ነው፣ አምስት ሰው አንድ ላይ ቢያወራ እንኳ ግማሽ ሜጋቢት አይሞላም።

ከሁሉ የሚከፋው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ራውተሩ ሲነሣ የውጭ አድራሻው ሊቀየር ይችላል፤ ማዞሪያው ግን የድሮውን ይዞ ይቆያል። ስልኩ በየ3600 ሴኮንዱ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነና እሱ ራሱ በዩፒኤስ ሳይጠፋ ከቆየ፣ እስከ አንድ ሰዓት ጥሪ ላይገባለት ይችላል። ምዝገባውን ወደ 300 ሴኮንድ ማውረድ ይሻላል። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ከአምስቱ የአንዱ የይለፍ ቃል ተሳስቶ ደጋግሞ ሲሞክር፣ የማዞሪያው ጥበቃ ሌባ መስሎት አድራሻውን ያግዳል፤ አድራሻው የጋራ በመሆኑ አራቱ ንጹሐን አብረው ይታገዳሉ። ያኔ ሰበታ ሆኖ ራውተሩን ማብራት ማጥፋት ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። አዲስ አበባ ደውሎ እገዳውን ማስነሣት፣ የትኛው አጭር ቁጥር እንደተሳሳተም መጠየቅ ነው፤ ማዞሪያው ቁጥሩን ጽፎ አስቀምጦታል።