ከማርሚታው በፊት ጎማው፦ «መኪናዬን ላሻሽል» ለሚል ልጅ ወላጅ ምን ይበል?

ልጅ ከሠራዊት ወጥቶ፣ ሥራ ይዞ የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ ለቤተሰብ ትልቅ ደስታ ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ሌላ ወሬ ይመጣል፦ «መኪናዬን ላሻሽላት ነው።» መኪናዋ ዝቅ ትደረጋለች፣ ሰፊ ቸርኬ ይገባላታል፣ ማርሚታዋ ተቀይሮ ሰፈር የሚቀሰቅስ ድምፅ ታወጣለች፣ ከኋላዋ ክንፍ ይተከልላታል። አባት «ይህ ሁሉ ሸቀል ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ «መንገድ እንድትይዝ ነው» ይላል። አባትም ስለ መኪና ብዙ ስለማያውቅ ዝም ይላል።

እኛ በማኅበረሰቡ መካከል የምንሠራ ነርሶች ስለዚህ ጉዳይ የምንጽፈው የሙሳክ ባለሙያ ሆነን አይደለም። ከአደጋ በኋላ አንገቱን ይዞ ወይም እግሩ በጀሶ ታስሮ ወደ ኩፓት ሆሊም የሚመጣውን ወጣት፣ አጠገቡም የምትቀመጠውን እናት ስለምናይ ነው። «መንገድ እንድትይዝ» የሚለው የልጁ ምኞት ግን በራሱ መልካም ነው። መኪና መንገድ ስትይዝ ነጂውም፣ ተሳፋሪውም፣ እግረኛውም ይድናሉ። ጥያቄው መንገድ እንድትይዝ የሚያደርጋት ምንድን ነው የሚለው ነው። መልሱን የሚያውቅ ወላጅ ከልጁ ጋር ሳይጣላ ሊመክረው ይችላል።

መንገዱን የሚይዘው ማን ነው?

መኪና ምንም ያህል ውድ ብትሆን መሬት የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት አንድ የእጅ መዳፍ ያህል ነው። ሞተሩ ሲገፋ፣ ፍሬኑ ሲይዝ፣ መሪው ሲዞር ሥራው ሁሉ የሚያልፈው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። ስለዚህ ጎማው ካረጀ ወይም ነፋሱ ከጎደለ ሌላው ወጪ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። በሀገር ቤት በቅሎ የጫኑ አባቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቁልቁለት ሲወርዱ ጭነቱ ወደ በቅሎዋ አንገት ይመጣል፤ በደንብ ካልታሰረ እንስሳዋን ይጥላታል። መኪናም እንዲሁ ናት። ፍሬን ሲያዝ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎቿ ይቀልላሉ። ነጂው በፍጥነት ጥምዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ደንግጦ ፍሬን ቢረግጥ፣ የቀለለው የኋላ ክፍል ሊንሸራተትና መኪናዋን ሊያዞራት ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የምትባለው ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ስትወጣ ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ ነበር፤ ክብደቷም 1 ቶን አይሞላም። በጉልበት የሚበልጧት መኪኖች ብዙ ነበሩ። ሆኖም ቀላል በመሆኗና ክብደቷ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ሊባል በሚችል መጠን በመከፈሉ፣ በጥምዝ መንገድ ላይ በአያያዟ ተወደደች፤ እስከ 2016 ድረስም ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሠራች። መንገድ መያዝ ማለት ጉልበትና ጩኸት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ገንዘቡ ካለ በየትኛው ይጀመር?

አንደኛ ጎማ ነው። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ አራት ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 2319 ማለት ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ መኪና የገዛ ልጅ መጀመሪያ ይህን ያንብብ። በጎማው ጥርሶች መካከል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የሚገዛ ሰው ደግሞ አዲሶቹን ከኋላ ቢያስገባ ይመረጣል፤ መኪናዋ በእርጥብ መንገድ ላይ ከኋላ እንዳትንሸራተት ይረዳል። የነፋሱ ልክ ብዙውን ጊዜ በነጂው በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ሁለተኛ ፍሬን ነው። የፍሬኑ ሸራ ምን ያህል እንደቀረው ይታይ። የፍሬን ዘይትም ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ከጊዜ በኋላ ይደክማል፤ በአብዛኛው በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። ይህ ከአንድ ክንፍ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ትንሽ ወጪ ነው።

ሦስተኛው በዕብራይስጥ ቦልሜ ዛዕዙዒም የሚባሉት የንዝረት ማብረጃዎች ናቸው። ሥራቸው ጎማው ከመሬት እንዳይዘል መያዝ ነው። ሲደክሙ መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላም እንደ ጀልባ ትወዛወዛለች፤ ከመሬት የተነሣ ጎማ ደግሞ አይዞርም፣ አይቆምም። ያረጁትን በመኪናዋ ልክ በተሠሩ አዳዲሶች መቀየር እውነተኛ ማሻሻል ነው።

አራተኛው የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል ሲሆን በሙሳክ ኪቩን ፍሮንት ይሉታል። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትጎትት ከሆነ ወይም ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ የሚበላ ከሆነ ይህ ያስፈልጋታል።

እነዚህ አራቱ በየመንገዱ ዓይን የሚስቡ አይደሉም፤ ጓደኛም አይቶ «ዋው» አይልም። ነገር ግን ከበጋው ድርቀት በኋላ በስግድ ሰሞን የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ በመንገዱ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከውሃ ጋር ተደባልቆ አስፋልቱን ሲያንሸራትት ዋጋቸው ይታወቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ጎማ የሚታየው ዝናቡ ሳይጀምር ነው።

አምሮ የሚጎዳው

የመኪናዋን ሞላ በመቁረጥ ወይም በአጭር ሞላ ቀይሮ ዝቅ ማድረግ ብዙ ወጣት የሚጀምርበት ሥራ ነው። ውድድር ላይ የሚነዱ መኪኖች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እነዚያ ግን ሞላውም ማብረጃውም አንድ ላይ ተለክቶ የተሠራላቸው ናቸው፣ የሚነዱትም በለሰለሰ መንገድ ነው። በየሰፈራችን በየመቶ ሜትሩ የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ አለ። የተቆረጠ ሞላ ጉብታውን መዋጥ ስለማይችል ምቱ ወደ ጎማው፣ ወደ መሪውና ወደ ነጂው ወገብ ይሄዳል።

በጣም ሰፊ ጎማም እንዲሁ ነው። በደረቅ መንገድ ይጠቅም ይሆናል፤ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ግን ሰፊ ጎማ ውሃውን ለመቅደድ ይቸገራል፣ ቶሎም ይንሳፈፋል።

ከሁሉ በላይ እኛን የሚያስጨንቀን የመሪና የወንበር ቅያሬ ነው። በፋብሪካው መሪ ውስጥ በአደጋ ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት አለ። ትንሽ የስፖርት መሪ ሲገባ ያ ከረጢት ይወጣል። ልጁ የገዛው ውበት ነው፤ የከፈለው ግን የደረቱንና የፊቱን መከላከያ ነው። በጎኑ የአየር ከረጢት ያለው ወንበር ሲቀየርም እንዲሁ ይሆናል። ሌላው ቢቀር ወላጆች ይህን አንዱን አጥብቀው ይከልክሉ።

ሪሽዮኑና ኢንሹራንሱ ምን ይላሉ?

በመኪናዋ ፈቃድ (ሪሽዮን ሬሄቭ) ላይ የፊትና የኋላ ጎማ ልክ ተጽፏል። ከዚያ ውጭ የሆነ ጎማ ከመግዛት በፊት ፈቃድ ካለው ሙሳክ መጠየቅ ይገባል። የመኪናን አሠራር መለወጥ (ሺኑይ ሚብኔ) የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የተለወጠች መኪና ቴስት ላትልፍ ትችላለች፤ ፖሊስም ከመንገድ ሊያወርዳት ይችላል። ያኔ ለማሻሻል የተከፈለው እንዳለ ሆኖ፣ ወደ ነበረችበት ለመመለስ ሌላ ይከፈላል።

ብዙ ቤተሰብ መኪናውን በአባት ወይም በእናት ስም ያስመዘግባል። በካሜራ የተያዘ የፍጥነት ቅጣት መጀመሪያ የሚመጣው በስሙ ወደተመዘገበው ሰው ነው። የነዳው ሌላ ሰው መሆኑን ማስረዳት የዚያ ሰው ፈንታ ይሆናል።

ኢንሹራንሱንም እንመልከት። የግዴታ ኢንሹራንስ (ቢቱዋህ ሆቫ) በአካል ለሚደርስ ጉዳት ነው። በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ጥፋቱ የማንም ቢሆን ነጂውንም ተሳፋሪውንም እግረኛውንም ይሸፍናል፤ የሚጸና ኢንሹራንስ ሳይኖረው የሚነዳ ሰው ግን ለራሱ ጉዳት ይህን ካሳ ያጣል። የመኪናዋን ጉዳት የሚከፍለው ሙሉ ኢንሹራንስ (ቢቱዋህ መኪፍ) ነው። ይህ የነጂውን ዕድሜና መንጃ ፈቃድ ከያዘ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይቆጥራል። ውሉ «ከ24 ዓመት በላይ» የሚል ከሆነ የ22 ዓመቱ ልጅ አልተካተተም ማለት ነው። በመኪናዋ ላይ የተደረገ ለውጥም ለኩባንያው ካልተነገረ፣ በአደጋ ቀን ካሳውን ለመቀነስ ወይም ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለውጡ ከመደረጉ በፊት ለወኪሉ በጽሑፍ ይነገረው፤ መልሱም በጽሑፍ ይያዝ። በስልክ የተባለ «ችግር የለም» በችግር ቀን አይገኝም።

ትልቁ ማሻሻያ ነጂው ነው

ከመኪናዋ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት መኪናዋ 14 ሜትር ትሄዳለች፤ ፍሬኑ በደረቅ መንገድ ላይ እስኪያቆማት ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ100 ኪሎ ሜትር ግን ፍሬን ሳይነካ 28 ሜትር ያልፋል፤ ፍሬኑ ብቻውን 55 ሜትር ያህል ይወስዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ መንገድ አራት እጥፍ ሆነ። ይህን ሒሳብ የሚሽር ክንፍ ወይም ማርሚታ የለም።

ለዚህ ነው የላቀ የማሽከርከር ትምህርት ከብዙ ዕቃ የሚበልጠው። ጥሩ ትምህርት የሚጀምረው ከአቀማመጥ ነው፦ እግር ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጥ ጉልበት ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቀር፣ ጀርባ ከወንበሩ ሳይላቀቅ የእጅ አንጓ የመሪውን ጫፍ ይድረስ፣ የራስ መደገፊያው ጫፍ ከራስ አናት ጋር እኩል ይሁን። ይህ የመጨረሻው ከኋላ ሲገጩ አንገትን የሚያድን ነው፤ ዋጋውም ባዶ ነው።

ቀጥሎ በተዘጋ ቦታ ላይ ፍሬን በኃይል መርገጥ ይለመዳል። ፍሬን እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው መሣሪያ ሲሠራ ፔዳሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። ያልለመደ ሰው ደንግጦ እግሩን ያነሣል፤ የሠለጠነ ሰው ግን አጥብቆ ይዞ በመሪው ከመሰናክሉ ይርቃል። ከጥምዝ በፊት መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ ፍጥነት መቀነስ፣ ዓይንን ወደሚወጡበት መጣል፣ መሪን ሳይበጥሱ ማዞር ሌሎቹ ትምህርቶች ናቸው። መኪናዋ ስትንሸራተት የሚያስተካክላት የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በመኪኖች ላይ እየገባ ቆይቷል። አንዳንድ ወጣት «ስፖርት» ለመንዳት ብሎ በቁልፍ ያጠፋዋል። በሕዝብ መንገድ ላይ ይህ ቁልፍ አይነካም።

ፍጥነት የሚወድ ልጅ ካለም ሕጋዊ በር አለው። በ2005 የጸደቀው የስፖርት ማሽከርከር ሕግ ይህ ስፖርት በተፈቀደ ቦታና በፈቃድ እንዲካሄድ ደንግጓል። ከመመዝገብ በፊት ግን «መኪናዬ እዚያ ብትጎዳ ኢንሹራንሴ ይከፍላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያሻል፤ ብዙ ውሎች ውድድርን አያካትቱም። ሠልጣኙም ተኝቶ የጠገበ ይሁን። የደከመ ሰው በጣም ጥሩ ጎማ ላይም ቢሆን ዘግይቶ ነው ፍሬን የሚይዘው።

ፍቅሩ እንጀራ ሊሆን ይችላል

ከሠራዊት የወጣ ወጣት ፒካዶን የሚባለው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ይውላል፤ ከእነዚህም መካከል ትምህርት፣ የሙያ ሥልጠናና መንጃ ፈቃድ አሉበት። ከ5 ዓመት በኋላ ለፈለገው ነገር ማውጣት ይችላል። ብዙ ገንዘብ በቸርኬ ላይ የሚቀልጠው ያኔ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለ መኪና የሚያወራ ልጅ ግን የመኪና ኤሌክትሪክ፣ የመካኒክ ወይም የማሽከርከር አስተማሪነት ሙያ ቢማር፣ ያው ፍቅር ደመወዝ ያመጣለታል። ንጹሕ የመንጃ መዝገብም በራሱ ሀብት ነው፤ የድርጅት መኪና የሚሰጥ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ ያንን ይጠይቃል።

ወላጆች ልጃችሁ ስለ ማሻሻል ሲያነሣ አትቆጡ፤ አምስት ጥያቄ ጠይቁት። ጎማዎቹ የተሠሩት መቼ ነው? ፍሬኑና ማብረጃዎቹ መቼ ታዩ? ለውጡ በሪሽዮኑ ይፈቀዳል? የኢንሹራንስ ወኪሉ በጽሑፍ ምን አለ? የማሽከርከር ሥልጠናውስ መቼ ነው? ሙሳኩም ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስጥ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃም እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ከአምስቱ ለአንዱ መልስ ከሌለ ሥራው እስኪገኝ ይቆይ።