እሳቱ ሳይጠፋ ጭሱን መቀነስ፦ የሲጋራ አማራጮች ምን ያህል ይረዳሉ?

እ.ኤ.አ. በ1967 ኦቬ ፌርኖ የተባለ ስዊድናዊ የመድኃኒት ተመራማሪ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ከነበረው ሐኪም ክላስ ሉንድግሬን አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው የሚያወሳው ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ነበር። መርከቡ ውኃ ውስጥ ሳለ ሲጋራ ማጨስ አይቻልም፤ አጫሾቹ መርከበኞች ግን ትምባሆ በአፋቸው ይዘው አምሮታቸውን ያስታግሱ ነበር። ራሱ ኃይለኛ አጫሽ የነበረው ፌርኖ ከዚህ ምልከታ የተረዳው፣ ሱሰኛው የሚፈልገው ጭሱን ሳይሆን በጭሱ ተጭኖ የሚመጣውን ኒኮቲን መሆኑን ነው። የዓመታት ሙከራው የኒኮቲን ማስቲካን አስገኘ፤ ማስቲካውም በ1984 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ዛሬ ከማስቲካው ጎን ፕላስተሩ፣ እንክብሉ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውና ትምባሆን የሚያሞቀው መሣሪያ ተደርድረዋል። ለማቆም የቆረጠ አጫሽ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። ሲጋራውን መቀነስ ብቻ ይበቃል? ከአማራጮቹስ የትኛው በእርግጥ ይረዳል?

ገዳዩና አሳሪው

ሲጋራ በሚሳብበት ቅጽበት ጫፉ ላይ ያለው ፍም እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይግላል። በዚህ ሙቀት የሚቃጠለው ቅጠል ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ያሉበት ጭስ ይሆናል፤ ከእነዚህ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ታር የሚባለው ሬንጅ መሰል ቅሪት በሳንባ ላይ ይከማቻል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል።

የኒኮቲን ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። ጭሱ ከተሳበ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ደርሶ የእርካታ ስሜት የሚፈጥረው ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። በሁለት ሰዓት ገደማ ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይወርዳል፤ አንጎልም ሌላ ሲጋራ ይጠይቃል። ኒኮቲን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ለፅንስና በዕድገት ላይ ላለ የወጣቶች አንጎልም ጎጂ ነው። ሆኖም የሳንባ ካንሰር ዋና ምክንያት እርሱ አይደለም። ኒኮቲን ያስራል፤ የሚገድለው በአመዛኙ ጭሱ ነው።

የመቀነስ ወጥመድ

በቀን 20 ያጨስ የነበረ ሰው ወደ 10 ሲወርድ ጉዳቱም በግማሽ የቀነሰ ይመስለዋል። ሰውነት ግን በዚህ ስሌት አይመራም። የለመደውን የኒኮቲን መጠን ለማግኘት አጫሹ ሳያውቀው እያንዳንዱን ሲጋራ አጥብቆና ደጋግሞ ይስባል፤ እስከ ፊልተሩም ያጨሰዋል።

“ላይት” ተብለው ይሸጡ የነበሩ ሲጋራዎች የከሸፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። በፊልተራቸው ዙሪያ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስለነበሩ፣ ጭሱን የሚለካው ማሽን ሲስባቸው አየር ገብቶ ታሩን ያቀጥነው ነበር። የሰው ጣትና ከንፈር ግን ቀዳዳዎቹን ይሸፍናሉ፤ ሳንባም ከማሽኑ ይልቅ አጥብቆ ይስባል። በማሽኑ የተመዘገበው ዝቅተኛ ቁጥር በአጫሹ ደረት ውስጥ አልነበረም።

በ2018 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የበርካታ ጥናቶች ትንታኔም ይህንኑ ያጠናክራል። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 ማጨስ በልብ ላይ ከሚያመጣው ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። በ2016 ይፋ በሆነ ሌላ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ 697 አጫሾች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በአንድ ቀን፣ ግማሾቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲያቆሙ ተደረገ። ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ቀን ካቆሙት 49 በመቶው፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ደግሞ 39 በመቶው ሳያጨሱ ቆይተዋል። ይህ መቀነስ ከንቱ ነው አያሰኝም፤ መቀነስ የሚጠቅመው የሚያከትምበት ቀን ሲቆረጥለት ነው።

አማራጮቹ ሲመዘኑ

ለረጅም ጊዜ የተፈተኑት ፕላስተሩና ማስቲካው ናቸው። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ኒኮቲን ይሰጣል፤ ማስቲካው ድንገተኛ አምሮት ሲመጣ ይደርሳል። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት አለው። ማስቲካው ግን እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ አይታኘክም፤ ጥቂት ታኝኮ በጉንጭና በድድ መካከል ማረፍ አለበት። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ሽፋን በኩል ነው፤ ከምራቅ ጋር ቢዋጥ ሆድ ከማወክ ያለፈ ጥቅም የለውም። ኒኮቲን የሌለው፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው ቫረኒክሊን የተባለው እንክብልም አምሮቱን ከአንጎል ውስጥ ያዳክማል።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በ2003 የፈጠረው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። አባቱ በሳንባ ካንሰር የሞቱበት ሆን ሊክ ራሱም አጫሽ ነበር። መሣሪያው ቅጠል አያቃጥልም፤ ፈሳሽ አሙቆ ያተናል። በ2019 ውጤቱ በታተመ፣ 886 ሰዎች በተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ ማስቲካና ፕላስተርን የመሳሰሉትን ከተጠቀሙት ደግሞ 9.9 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ አላጨሱም። ነገር ግን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ካቆሙት 80 በመቶው መሣሪያውን ገና አልተዉትም ነበር። ጭሱ ቀርቷል፤ ሱሱ አልቀረም።

በ2019 እና በ2020 መጀመሪያ በአሜሪካ ከ2,800 በላይ ሰዎች በከባድ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብተው 68ቱ ሞተዋል። አብዛኛው ጉዳት የተያያዘው ከካናቢስ ንጥረ ነገር ጋር ከተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ መሳብ ምን እንደሚያስከትል የታየበት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጥቅም የሚኖረው ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ሲተካ ነው። ቀን አንዱን፣ ማታ ሌላውን የሚያጨስ ሰው እሳቱን አላጠፋም። አጭሶ ለማያውቅ ወጣት ደግሞ አዲስ ሱስ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ሺሻ ከነጭራሹ አማራጭ አይደለም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፤ ከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ በአንድ የሺሻ ቆይታ የሚሳበው የጭስ መጠን ከ100 ሲጋራዎች ጭስ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

ቡናውስ?

ለኢትዮጵያዊ አጫሽ ደግሞ እምብዛም የማይነገር አንድ ጉዳይ አለ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ካፌይንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያነቃቃሉ፤ ስለዚህ በአጫሽ ደም ውስጥ ካፌይን ቶሎ ይጠፋል። ማጨስ ሲቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ይረግባል፤ በደም ውስጥ ያለው ካፌይንም እስከ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠጣ ሰው ያንኑ የለመደውን ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ ያጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይነጫነጫል። ይህንንም ሲጋራ የማጣት ስቃይ ነው ብሎ ወደ ፓኮው ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ መቀነስ ብዙ ሊያቀልለት ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶችም በዚሁ ኢንዛይም ስለሚሰባበሩ፣ ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማጨስ ማቆሙን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ድንበር ሲሻገር

በአንዱ አገር በሐኪም የሚመከረው በሌላው የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በብሪታንያ ለማቆሚያነት ይመከራል፤ ኳታር ግን ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። በኢትዮጵያም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና የሺሻን ሽያጭ ያግዳል። መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የመዳረሻውን ሕግ ቢያጣራ፣ ለጉዞውም ፕላስተር ወይም ማስቲካ ቢይዝ ይበጀዋል።

የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመታት የተከታተለው የሪቻርድ ዶል ጥናት በ2004 እንዳሳየው፣ በ30 ዓመቱ ያቆመ ሰው በአማካይ 10 ዓመት፣ በ40 ያቆመ 9፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመም 3 ዓመት ዕድሜ ያተርፋል። ብዙዎች የሚሳካላቸው በመጀመሪያው ሙከራ አይደለም፤ ለአንዱ ፕላስተሩ፣ ለሌላው እንክብሉ ይስማማዋል። የትኛውም ይመረጥ፣ መመዘኛው አንድ ነው፦ የመጨረሻው ሲጋራ የሚጠፋበትን ቀን ማቅረቡ።