የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከመሠራቱ በፊት ስለሚጻፈው ዝርዝር መግለጫ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ፕላን እንደሚያሠራ ሁሉ፥ ፕሮግራም የሚጽፍም ሰው ፕሮግራሙ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ በዝርዝር መግለጽ ይገባዋል። ይሁን እንጂ መግለጫው በተራ ቋንቋ ሲጻፍ አንዱ ቃል ለሁለት ትርጉም ስለሚመች፥ ሊቃውንት በሒሳብ ምልክት የሚጻፉ ልዩ ልዩ ስልቶችን አወጡ። የትኛው ለምን እንደሚጠቅም በከተማችን ምሳሌ እንመልከት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቀድሞ ዘመን የጁገል አምስቱ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ዛሬ እነዚህን በሮች የሚቈጣጠር ፕሮግራም ሥሩ ብንባል፥ የመጀመሪያው ሕግ «በሌሊት አንድም በር ክፍት አይሁን» የሚል ይሆናል። ለዚህ ዜድ የሚባለው ስልት ይመቻል። ዜድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከዣን ሬሞን አብሪያል ሐሳብ ተነሥቶ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደገ ሲሆን፥ የበሮቹን ሁኔታና የማይጣሰውን ሕግ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሰፍራል። በቪየና በአይ.ቢ.ኤም. ላቦራቶሪ የተወለደው ቪ.ዲ.ኤም. የዜድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሥራ ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ መሟላት ያለበትን ለየብቻ ያስጽፋል። ስለዚህ በሩ ሲዘጋ ከሥሩ ሰው ወይም አህያ አለመኖሩን ማሰብ ለሚረሳ ጸሓፊ ቪ.ዲ.ኤም. ይሻለዋል።

አሁን ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ለዘለዓለም የማይከፈት በር ከላይ ያለውን ሕግ ከቶ አላፈረሰም! እህልና አትክልት የጫኑት የገጠር ሰዎች በውጭ ቆመው ይቀራሉ፤ ስሙ በሐረሪ ቋንቋ ታላቅ ገበያ ማለት የሆነው ጊደር መጋላም ባዶውን ይውላል። «ሲነጋ በሩ የግድ ይከፈት» የሚለው ሕግ የጊዜን ሂደት የሚመለከት ስለ ሆነ በተራው የዜድ አጻጻፍ አይገለጽም። ለዚህ ሌስሊ ላምፖርት ያወጣው ቲ.ኤል.ኤ. ፕላስ ይበልጣል፤ ክፉው እንዳይደርስ ብቻ ሳይሆን መልካሙም ሳይደርስ እንዳይቀር ያስጽፋልና። የአማዞን ኩባንያ መሐንዲሶች ከ2011 ጀምረው በዚህ ስልት ሲሠሩ በሌላ ፍተሻ ያልታዩ ረቂቅ ስሕተቶችን አግኝተዋል።

አብሪያል በኋላ ያወጣው ቢ የሚባለው ስልት ደግሞ ከመግለጫው እስከ ፕሮግራሙ ድረስ እያንዳንዱን ደረጃ በሒሳብ እያረጋገጠ ይወርዳል። በ1998 የተከፈተው ያለ ነጂ የሚሄደው የፓሪስ 14ኛ መሥመር ባቡር የደኅንነት ፕሮግራም የተሠራው በቢ ነው። ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት መዝገብ ይህን ያህል መልፋት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ለጀማሪ ተማሪ አሎይ ይቀላል። ሕጋችንን ጽፈን ስንሰጠው፥ ያንን የሚያፈርስ ትንሽ ምሳሌ ራሱ ፈልጎ በሥዕል ያሳየናል፤ የሚገኘውም በነጻ ነው። በሁለት በርና በአንድ በረኛ መጀመር ይበቃል።