ጌሾና ጋን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል

የነሐሴ 24 የጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓል ሲቃረብ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ በስማቸው በሚጠራው ሠፈር ዝክር የሚያወጡና ማኅበር የሚጠጡ ቤተሰቦች መሰናዶ የሚጀምሩት በዋዜማው አይደለም። ጠላ በጥድፊያ የማይሠራ በመሆኑ ጥንስሱ ገና በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይጠነሰሳል። የክረምቱ ብርድ መፍላቱን ስለሚያዘገየውም፣ ባለሙያ እናቶች ከበጋው ይልቅ ቀን ጨምረው ይነሣሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል ከቤት ቤት ጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የደረቀው የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ የብቅል ዱቄትም ይጨመርበታል። ይህ ጥንስስ ነው። ጥቂት ቀናት ሲሰነብት የተቆራረሰ ቂጣ ወይም እንኩሮ፣ ከጌሾ እንጨት ጋር ገብቶበት ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻም ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይደፈናል። ሳይጠራ የሚቀዳው ጉሽ፣ በድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ፣ ዝቃጩ ደግሞ አተላ ይባላል።

ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት ሲለውጥ፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጌሾ ደግሞ መራራ ጣዕሙን ይሰጣል፤ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ኢትዮጵያውያን የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ከቅጠሉ ለይተው ያወጡትን መራራ ንጥረ ነገር «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል።

በአውሮፓ ይህንኑ አገልግሎት የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ሐረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1516 በባቫርያ የወጣው ድንጋጌ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ እንዲጠመቅ አዝዟል። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከተክለ ሃይማኖት ብዙም በማይርቀው በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ሲጠምቅ ኖሯል። ሆፕ በሚገባ ለማበብ ረጅም የበጋ ቀን ስለሚሻ ወደ ፋብሪካዎቻችን የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ጌሾ ግን በደጋና በወይና ደጋ ጓሮ ሁሉ ይበቅላል፤ ከመርካቶም ይሸመታል።

እንግዲህ የጎደለው ጌሾ አይደለም፤ ስፍራ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በልደታ የተካሄደው መልሶ ማልማት የቆዩ የግቢ ቤቶችን አንሥቶ በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን አቁሟል። ለብዙዎች ኑሮው ተሻሽሏል። ሆኖም በሕንፃው ውስጥ ጋን የሚቀመጥበት ጥግ፣ ብቅል የሚሰጣበት ደጅ፣ የወይራ ጢስ የሚወጣበት ግቢ የለም። በመሆኑም በወሩ 24 ጽዋው የደረሰው ተረኛ፣ ጠላ በመጥመቅ ፈንታ ሣጥን ቢራ ይገዛል።

ይህ ነውር አይደለም። የዝክር ዋጋ በመጠጡ ዓይነት አይለካምና። የሚያሳስበው ሙያው ነው። የጌሾው ልክ፣ የድፍድፉ መብሰል፣ የጋኑ መታጠን በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። አንድ ትውልድ ሳይጠነስስ ካለፈ ተከታዩ ከማን ይማራል?

መፍትሔው ከማኅበሩ አይርቅም። ግቢ ያላቸው አባላት ለሕንፃ ነዋሪው ተረኛ ጋናቸውንና ጓሯቸውን ቢያውሱት፣ አለዚያም ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ከሚያሳድጉ የሠፈሩ እናቶች ቢገዛ፣ ሙያውም ጎረቤቱም ይጠቀማሉ። የጌሾ ወቀጣው ድካም እስከ ዛሬ በሴቶች ትከሻ ላይ ብቻ ወድቆ ኖሯል፤ ወንዶች ልጆችም ሙቀጫው ዘንድ ቢጠሩ ሸክሙ ይቀልላል፣ ትምህርቱም ይሰፋል።

ጽዋው ግን በልክ ይሁን። ማኅበር የሚጠጣው ለመስከር ሳይሆን ለመገናኘት፣ የታመመን ለመጠየቅና የተቸገረን ለመደገፍ ነውና።

መልካም በዓል።